ሰባት ዓመት ሰርቼ የስራ ልምዴ ዜሮ ነበር

የፋብሪካው የመመዝገቢያ መስኮት ትንሽ ናት። ጎንበስ ካላልክ ከውስጥ ያለችው ልጅ አትሰማህም። ህዳር 2012 ነበር፣ ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ። ሳሩ ላይ ያለው ውርጭ ገና አልቀለጠም። ሰላሳ የምንሆን ሰዎች ጋቢና ጃኬት ደራርበን ተሰልፈናል። በሩ ላይ የተለጠፈው ማስታወቂያ የጥገና ኤሌክትሪሺያን ይፈልጋል፦ ብዛት ሁለት፣ የስራ ልምድ ሁለት ዓመት። ሁለት ዓመት! እኔ ሰባት ዓመት ሙሉ ሽቦ ስጎትት ኖሬያለሁ። ሰልፉ ላይ ቆሜ በልቤ ተቀጥሬ፣ ደሞዝም ተቀብዬ ጨርሻለሁ።

ተራዬ ደረሰ።

«ማስረጃ?»

የአስረኛ ክፍል ካርዴንና የቀበሌ መታወቂያዬን አቀበልኳት።

«የስራ ልምድስ?»

«ሰባት ዓመት ሰርቻለሁ። እዚሁ ከተማ ሦስት ሆቴል የዘረጋሁት እኔ ነኝ።» (ከነአለቃዬ ማለቴ ነው።)

«ደብዳቤውን ነው የምልህ ወንድሜ።»

«ደብዳቤ እንኳ የለኝም። ስልክ ልስጥሽ፣ ደውለሽ ጠይቂ።»

ቀና ብላ አየችኝ። ክፉ ልጅ አልነበረችም። «እንግዲህ ዜሮ ዓመት ብዬ ነው የምፅፍህ። ዜሮ ዓመት ደግሞ ለዚህ መደብ አንመዘግብም» አለችና ወረቀቶቼን መለሰችልኝ። ከኋላዬ ያለው ልጅ ወዲያው ጎንበስ አለ።

ይህን የምፅፈው እንደኔ ላሉ ሰዎች ነው። በረዳትነት፣ በጋራዥ፣ በሆቴል ጓዳ፣ በቀን ስራ እጃቸው የሰለጠነ፣ ወረቀት ላይ ግን የሌሉ ሰዎች ብዙ ናቸው። ዲግሪ ይዞ ስራ ያጣውም ቢያነበው አይከፋም፣ ግን የኔ መንገድ ከሱ ይለያል።

የመንዝ ልጅ ነኝ፣ ከመሃል ሜዳ ትንሽ ወጣ ካለ ቀበሌ። አባቴ በግ ያረባል፣ እናቴ የበግ ፀጉር ትፈትላለች። በ2002 አስረኛ ክፍል ተፈተንኩ፣ ለመሰናዶ የሚያበቃ ውጤት አልመጣልኝም። በማግስቱ ዓመት ደብረ ብርሃን ወርጄ የቀን ስራ ጀመርኩ። ድንጋይ፣ ሲሚንቶ፣ አሸዋ። አንድ ቀን የኤሌክትሪክ ስራውን ከተቋራጩ በሰብ ኮንትራት የያዘ ሰውዬ መጥቶ «መዶሻና ስካርፔሎ የሚችል ማነው?» አለ። እጄን አወጣሁ። በአርባ ብር ቀን ሙሉ ግድግዳ ስፈለፍል ዋልኩ። ከዚያ በኋላ ቱቦ መቅበር፣ ስካቶላ (ሶኬትና ማብሪያ የሚገባበትን ሳጥን) ማስገባት፣ ሽቦ መሳብ፣ ሶኬት ማሰር፣ በመጨረሻም ባልቦላ (የኤሌክትሪክ መቆጣጠሪያና ማቋረጫ) ሳጥን ማደራጀት። ከ2004 እስከ 2011 ከሱ ጋር ሰራሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ደብተሩ ላይ ፈርመን ብራችንን እንቀበላለን። ሰባት ዓመቴ ያለው እዚያ ደብተር ውስጥ ነበር፣ እኔ ግን አንድ ገፅ እንኳ ፎቶ አንስቼ አላስቀመጥኩም። ማን ያስባል?

ከመስኮቷ እንደተመለስኩ ቀጥታ ወደ አለቃዬ ሄድኩ። የተለያየነው በሰላም ነው። ስራ ሲቀዘቅዝ ነበር ያሰናበተን።

«ጋሼ፣ አንድ ደብዳቤ ቢፅፉልኝ ብዬ ነበር።»

«የምን ደብዳቤ?»

«እርስዎ ጋ የሰራሁበትን።»

«አንተን በቋሚነት ቀጥሬህ አውቃለሁ እንዴ? ነገ ጡረታ አልከፈልክም ብለው ቢመጡብኝስ?»

ያኔ በጣም ተናድጄበት ነበር። አሁን ሳስበው ፍርሃቱ ምክንያት ነበረው። ቋሚ ሰራተኛ ከሆንክ ከደሞዝህ 7 በመቶ ከአንተ፣ 11 በመቶ ደግሞ ከአሰሪው ለጡረታ መግባት አለበት። እሱ አልከፈለም። እኔም 7 በመቶ ስላልተቆረጠብኝ ደስ ብሎኝ ነበር፣ እውነቱን ልናገር። ብሩ ሙሉውን ኪሴ ገባ፣ ስሜ ግን የትም አልተመዘገበም። ጡረታ ማለት የሽማግሌ ነገር ይመስለኝ ነበር። ለወጣት ሰራተኛ ዋናው ጥቅሙ ግን ሌላ ነው፦ የት፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሰራህ የሚያሳይ መዝገብ ነው።

ህጉን በኋላ ነው የሰማሁት። የአሰሪና ሰራተኛ ጉዳይ አዋጅ 1156/2011 ሰራተኛው ሲለቅ የሰራውን ስራ ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ሲከፈለው የነበረውን ደሞዝ የሚገልፅ የምስክር ወረቀት አሰሪው እንዲሰጠው ያዛል። በነፃ። ልመና አይደለም፣ መብት ነው። ልከሰው እችል ይሆናል። አልከሰስኩም። ሙያ ያስያዘኝን ሰው ፍርድ ቤት ማቆም አልሆነልኝም፣ ደግሞም ከተማዋ ትንሽ ናት፣ ነገ ተመልሼ ስራ የምለምነው እሱንና ጓደኞቹን ነው። አንዳንድ ጓደኞቼ «ሞኝ» ብለውኛል። ይሁን።

ሽማግሌ ልኬ፣ እሱም ለስልሶ፣ በመጨረሻ የንግድ ፈቃድ ካወጣበት ከ2009 ወዲህ ያለውን ሊፅፍልኝ ተስማማ። ሰባቱ ሦስት ሆነ። ረቂቁን ሳየው እንዲህ ይላል፦ «ከእኔ ጋር ኤሌክትሪክ ሲሰራ የቆየ ታማኝና ጥሩ ልጅ ነው።» ቀን የለውም፣ ደሞዝ የለውም፣ የስራ መደብ የለውም። ቀጣሪ ጥሩ ልጅነትህን ከደብዳቤ አያምንም። ሙሉ ስምህ ልክ መታወቂያህ ላይ እንዳለው፣ ምን ሆነህ እንደሰራህ፣ ከየትኛው ቀን ወርና ዓመት እስከ የትኛው፣ ስንት ይከፈልህ እንደነበር፣ የደብዳቤው ቀን፣ የፈራሚው ስምና ፊርማ፣ ማህተም፦ እነዚህን ነው የሚፈልገው። ከነዚህ አንዱ ከጎደለ መስኮቷ ላይ ትመለሳለህ።

ሁለተኛው ረቂቅ ደግሞ አሳቀኝ። ፅሁፍ ቤት ያለችው ልጅ የጀመርኩበትን በኛ አቆጣጠር፣ የጨረስኩበትን በፈረንጅ ፃፈችው። «ከ2009 እስከ 2019።» እኛ ያለነው 2012 ላይ ነው። ለመድረስ ገና ሰባት ዓመት እስከሚቀረው ዘመን ድረስ ሰርቻለሁ ማለት ነው! ደግነቱ ማህተም ሳይመታ አየሁት። ይህ ቀልድ እንዳይመስልህ። ሲቪ ላይ ሁለቱን አቆጣጠር አደባልቀው የሚፅፉ ስንት ሰዎች አሉ፣ መልማዩ ሲያሰላው ወይ ውሸታም ይመስላሉ ወይ ዓመታቸው ይቀንሳል። አንዱን ምረጥ፣ ከጎኑ ዓ.ም ወይም እ.ኤ.አ ብለህ ፃፍ፣ እስከ መጨረሻው በሱ ሂድ። የስም ጉዳይም እንደዚያው ነው። የአስረኛ ክፍል ካርዴ ላይ የአያቴ ስም በእንግሊዝኛ ሲፃፍ አንድ ፊደል ከሌላው ማስረጃዬ ይለያል። ለዚች አንድ ፊደል ስንት ቀን እንደተመላለስኩ አልናገርም። ፋይዳ ስትመዘገብ ከትምህርት ማስረጃህ ጋር አስተያይተህ አስፅፍ።

ደብዳቤው ከእጄ ገባ፣ ግን ማስታወቂያዎቹ የሙያ ደረጃም ይጠይቃሉ። ደረጃ 2፣ ደረጃ 3፣ ከነሲኦሲው፣ ማለትም ከነብቃት ማረጋገጫ ምስክር ወረቀቱ። ይህን ሳወራ አንድ የግንባታ ጓደኛዬ «ክፍል ገብተህ ሳትማር በልምድ ብቻ ለምዘና መቅረብ ይቻላል እኮ» አለኝ። እውነቱን ነው። የብቃት ምዘናው የሚያየው የት እንደተማርክ ሳይሆን ምን እንደምትችል ነው ተብሎ የተሰራ ነው። ለህንፃ ኤሌክትሪክ ዝርጋታ ተመዘገብኩ። አላጠናሁም። ምን አጠናለሁ? ሦስት ሆቴል ዘርግቼ!

ከዚህ በላይ ያፈርኩበት ቀን የለም፣ ስለዚህ በዝርዝር ልንገራችሁ።

ስራው ቀላል ነበር። ሰሌዳ ላይ አንድ አምፖል ከሁለት ቦታ የሚበራና የሚጠፋ፣ አንድ ሶኬት፣ ሁለት ባልቦላ። የደረጃ መውጫ መብራት የምንለው ነው፣ በጨለማ የምሰራው። የዝርጋታ ሥዕሉን የያዘውን ወረቀት ሰጡኝ፣ አየት አድርጌ ጠረጴዛው ላይ ተውኩት። ፒንሳዬን አወጣሁ፣ ሽቦውን በጥርሴ ላጥኩ፣ አዎ በጥርሴ፣ ሳይት ላይ ልማዴ ነው። ከሁሉም ቀድሜ ጨረስኩ። መዛኙ እጁን ኋላ አድርጎ ይዞራል፣ ምንም አይናገርም፣ ብቻ ይፅፋል። «ጨረስኩ» አልኩት። «አረጋግጥ» አለኝ። ባልቦላውን አነሳሁና በቴስተር ካቻቢቴ ነካ ነካ አደረግሁ። አምፖሉ በራ። ፈገግ አልኩ።

ውጤቱ ሲወጣ ስሜ ትይዩ የተፃፈው «ገና ብቁ ያልሆነ» ነው። ወደቀ አይሉም። ገና።

መዛኙን ደጅ ጠብቄ ጠየቅሁት። ከሱ የሰማሁት በነፃ ያገኘሁት ትምህርት ነው። አምፖሉ መብራቱ ከብዙ ነጥቦች አንዱ ብቻ ነው አለኝ። ጓንትና የደህንነት ጫማ ተቀምጦልኛል፣ አላደረግሁም። ኤሌክትሪክ ከመልቀቄ በፊት በመልቲሜትር መለካት ነበረብኝ፣ ለቅቄ ነው የነካካሁት። ሥዕሉ ላይ ሶኬቱ ለብቻው በሁለተኛው ባልቦላ ይሂድ ይላል፣ እኔ ሁለቱንም ባንዱ አስሬያለሁ፣ ምክንያቱም ሥዕሉን አላነበብኩም። «ወንድሜ፣ እጅህ ጎበዝ ነው፤ አንተ ግን ወረቀት ትንቃለህ» አለኝ። ያቺ ንግግር እስከ ዛሬ ታሳክከኛለች። እውነቱን ለመናገር ሥዕሉን የናቅሁት አይደለም፣ ማንበብ ስለማልችል ነው የተውኩት። ሰባት ዓመት ሙሉ ሥዕል የሚያነበው አለቃዬ ነበር፣ እኔ «እዚህ ጋ ፈልፍል» ስባል እፈለፍላለሁ።

ከዚያ ኮሮና መጣ፣ ሁሉም ተዘጋ። በ2013 በቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ማታ ተመዘገብኩ። ሃያ ስምንት ዓመቴ ነው። ክፍሉ ውስጥ ያሉት ብዙዎቹ አስራ ዘጠኝ ሃያ ናቸው፣ የመጀመሪያ ቀን ስገባ አንዷ አስተማሪ መስያት ብድግ አለች። አስተማሪው ራሱ በዕድሜ ያንሰኛል። «አንተ» ልበለው «እርስዎ» እያልኩ አንድ ሳምንት ስሙን ሳልጠራ ቆየሁ። በኋላ «መምህር» አልኩትና ተገላገልኩ።

ትልቅ ሰው ሆኖ መማር ከባድ ነው የሚባለው ጭንቅላት ደርቆ ይመስለኝ ነበር። የኔ ችግር ግን ድካሙ ነው። ቀን ሳይት ውዬ ማታ አስራ አንድ ተኩል ክፍል ስገባ፣ ሙቀት ሲሰማኝ ዓይኔ ይከደናል። መላ ያልኩት ከፊት መቀመጥና ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ ይዤ መግባት ነው። ጥያቄውን ከቀን ስራዬ አመጣለሁ። ለምሳሌ ለመብራት 1.5፣ ለሶኬት 2.5 ካሬ ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ሽቦ እንደሚሳብ ከእንቅልፌ ብቀሰቀስ እናገራለሁ። ለምን የሚለውን አላውቅም ነበር። መምህሩ የእንጀራ ምጣድ ምሳሌ ሰጠኝ። 3,500 ዋት የሆነ ምጣድ በ220 ቮልት ሲካፈል 16 አምፔር ገደማ ይሆናል። ያን በ1.5 ሽቦ፣ ያውም በተራ ማከፋፈያ ስትስበው ሽቦው ይግላል፣ ሶኬቱ ይቀልጣል። የአከራዬ የጓዳ ሶኬት ለምን በየሦስት ወሩ እንደሚጠቁር በዚያች ማታ ገባኝ። በማግስቱ ቀየርኩላቸው፣ የዚያን ወር የመብራት አላስከፈሉኝም።

ሂሳቡ ደግሞ ያስቸግረኝ ነበር። ከልጆቹ ጋር ተዋዋልን፦ እነሱ ቀመሩን ያሳዩኛል፣ እኔ ሽቦ አላላጥና አስተሳሰር አሳያቸዋለሁ። በጥርስ አይደለም እንግዲህ። ማንም የማንም ባለውለታ ሳይሆን ነው ያለፍነው። እንዲህ ያለ ሰው አጠገብህ ካለ አትፈር፣ ትልቅ ነኝ ብለህ ጥግ አትያዝ።

በ2014 ህዳር ጦርነቱ ሸዋ ሮቢትንና ደብረ ሲናን ሲያዳርስ ትምህርቱም ስራውም ቆመ። ስለዚያ ሌላ ጊዜ። ስንመለስ ከክፍላችን የተወሰኑት አልተመለሱም።

ሁለተኛውን ምዘና ክረምት ላይ ወሰድኩ። ይህን ጊዜ ወረቀቱን ሦስቴ አነበብኩ፣ በእርሳስ ምልክት አደረግሁበት። ጓንት አደረግሁ። ባልቦላው መውረዱን አየሁ፣ ለካሁ፣ ከዚያ ነው የለቀቅሁት። ከሁሉም ኋላ ጨረስኩ። ብቁ።

ስራ ፍለጋው ላይ ብዙ የምለው የለኝም፣ ሁለት ሦስት ነገር ብቻ። አንድ ደላላ «ውስጥ ሰው አለኝ» ብሎ አንድ ሺህ ብር በልቶኛል። ስራ ለማገናኘት ከስራ ፈላጊው ገንዘብ ቀድሞ የሚጠይቅ ሰው ካጋጠመህ፣ ቴሌግራም ላይም ይሁን ካፌ ውስጥ፣ ሻይህን ጠጥተህ ተነስ። ዋስ ደግሞ ቀድመህ አዘጋጅ። ብዙ ቦታ ደሞዝተኛ የሆነ ተያዥ ይጠየቃል፣ ጥሪው ሲመጣ ደግሞ «በሁለት ቀን አቅርብ» ይሉሃል። ለእኔ ዋስ የሆነኝ አስተማሪ የሆነ የአክስቴ ልጅ ነው፣ እሱንም ከወር በፊት ነግሬው ነበር። ማስታወቂያን ደግሞ ከስልክ ብቻ አትጠብቅ። እኔ አሁን ያለሁበትን ስራ ያየሁት ፋብሪካው አጥር ላይ ተለጥፎ፣ ግማሹን ዝናብ አጥቦት ነው።

ለተግባር ፈተናው አንድ የማይነሳ ሞተር አሳዩንና «ምን ታደርጋለህ?» አሉን። ከፊቴ የነበሩት ስለ ኮንታክተሩና ስለ ኦቨርሎዱ (የሞተሩ ማስነሻና መጠበቂያ ክፍሎች) ብዙ አወሩ። እኔ «መጀመሪያ አጠፋለሁ፣ መጥፋቱን እለካለሁ፣ ከዚያ እከፍታለሁ» አልኩ። ፈታኙ ራሱን ነቀነቀ። የመዛኙ ትምህርት እዚህ ጋ ጠቀመኝ። የሙከራ ጊዜ 60 የስራ ቀን ነው አሉኝ፣ ውል ፈረምኩ፣ ፈርሜ ሳልወጣ ቅጂውን ጠየቅሁ። የጡረታ ቁጥሬ ሲወጣም ወዲያው ፃፍኩት። ሁሉም ሰማያዊ ላስቲክ ማህደር ውስጥ ገብቶ ከአልጋዬ በላይ ሚስማር ላይ ተንጠልጥሏል። ባለቤቴ «ታቦትህ» ትለዋለች።

ቅዳሜና እሁድ አሁንም የሰው ቤት እዘረጋለሁ። አንድ ረዳት አለኝ፣ ከሰላ ድንጋይ የመጣ የአስራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ። ይህን ታሪክ ግድግዳ እየፈለፈለ ስንት ጊዜ ሰምቶታል። ባለፈው እሁድ ስካርፔሎውን አስቀመጠና «እኔስ የልምድ ደብዳቤዬን መቼ ነው የምትፅፍልኝ?» አለኝ።

ሳቅሁ። ከዚያ ሳቄ ቆመ። ንግድ ፈቃድ የለኝም፣ ማህተም የለኝም። ልክ እንደዚያ ሰውዬ ነኝ።

ለጊዜው ያደረግነው ይህን ነው። ደብተር ገዛን። የሰራበትን ቀን፣ ቤቱን፣ የሰራውን ስራና የተከፈለውን እንፅፋለን፣ የቤቱ ባለቤት ይፈርማል፣ እሱ በስልኩ ፎቶ ያነሳዋል። ለቀጣሪ መስኮት እንደማይበቃ ነግሬዋለሁ። ለሲኦሲም እንዲመዘገብ፣ ሥዕል ማንበቡን ግን ከአሁኑ እንዲጀምር ነግሬዋለሁ። ሰኞ ከስራ ስወጣ ንግድ ፈቃድ ለማውጣት ምን ምን እንደሚያስፈልግ ልጠይቅ ሄጄ ነበር። ዝርዝሩን በወረቀት ሰጡኝ። እሱም ማህደሩ ውስጥ ገብቷል።